ቢቢያኔ የመሬቱን አንገት በእግሯ የተሻገረች ዕለት

አክስቴ ቢቢያኔ፣ ሰው ያለ ጉዳይ በእግሩ መሄዱ ሁልጊዜ ያስቃት ነበር። በበጋው ማለቂያ፣ ባሕሩ ለጥቂት ሳምንታት ከበረዶ ሲላቀቅ፣ የሽርሽር መርከቦች መጥተው መንደራችን ፊት ለፊት መልሕቅ ይጥላሉ። ተሳፋሪዎቹ ቀይ ካፖርታቸውን ለብሰው ከጎማ ጀልባ ይወርዱና ውሾቻችንንና በገመድ የተሰጣውን ዓሣ አይተው ሲያበቁ ከመንደሩ ጀርባ ያለውን ኮረብታ ይወጣሉ። ከዚያ ምንም ሳይዙ ይወርዳሉ። ቢቢያኔ ከሱቁ መስኮት ሆና ታያቸውና «ምን ጠፍቷቸው ይሆን የሚፈልጉት?» ትላለች። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ይስቃል።

በመንደራችን ባለው አንድ ሱቅ ገንዘብ ተቀባይ ናት። አጭር፣ ወፈር ያለች፣ ድምፅዋ ከሰውነቷ የሚበልጥ ሴት ናት። ምሥራቅ ግሪንላንድ ውስጥ እንደኛ ባለ ትንሽ መንደር ሱቅ ማለት ሸንጎና ገበያ፣ እርቅና ሐሜት ነው፤ የዚያ ሁሉ ዳኛ ደግሞ እሷ ነበረች። ስትሄድ ወደ ግራ ዘንበል ትላለች። ለምን እንደምታነክስ ሁላችንም እናውቃለን፤ እግሯን ያየ ሰው ግን አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገና ሙሽራ ሳለች፣ በሚያዝያ ወር፣ ከባሏ ከማናሴ ጋር ውሾች በሚስቡት የበረዶ ጋሪ ባሕሩ በተራሮች መሃል ወደ የብስ ወደሚገባበት ወደ ውስጠኛው የባሕር ክንድ ለአደን ሄዱ። አንዱን ስንጥቅ ሲሻገሩ በረዶው ከሥሯ ተሰበረና ግራ እግሯ ባሕር ውስጥ ገባ። ወዲያው የበረዶ ውሽንፍር ተነሣ። ማናሴ ጋሪውን ገልብጦ መከታ ሠራላት፤ እግሯን በሆዱ ላይ አድርጎ አሞቀው፤ አልሆነም። በሄሊኮፕተር ወደ ሐኪም ቤት ስትወሰድ የግራ እግሯ ጣቶች ሁሉ ጠቁረው ነበር። ቆርጠው ጣሉላት። ከዚያ ወዲህ ማናሴ በየመኸሩ ነጭ ጥንቸል አድኖ፣ ቆዳውን አልፍቶ ያመጣላታል። እሷም የጫማዋን ጫፍ በዚያ ትሞላዋለች። እናቴ ታላቅ እህቷ ናት፤ እናቴ እንኳ ያን እግር አይታው አታውቅም። አክስቴ በሞቃት ቤት ውስጥም ካልሲ አታወልቅም። ቀልዱ፣ ሳቁ፣ የሰው አረማመድ ላይ ማሾፉ፣ አሁን ሳስበው፣ ሰው ወደ እሷ እግር እንዳያይ ይመስለኛል።

እኔ ኢቫሉ እባላለሁ። ዴንማርክ ተምሬ ተመልሼ በአንዱ የሽርሽር መርከብ ላይ አስተርጓሚ ነበርኩ። በዚያ ዓመት በመርከቡ ላይ ስለ አገራችን ኑሮ የምታወጋው ሴት ጥርሷን ታመመችና ቀረች። የመርከቡ የእግር ጉዞ መሪ ራንቫ የምትባል ከፋሮ ደሴቶች የመጣች ቀጭን፣ ፀጉሯ የተቆረጠ ሴት ናት። ባትሪ ልትገዛ ሱቅ ገብታ ቢቢያኔ ወረፋውን ሁሉ በሳቅ ስታፈርስ ሰማች። ቋንቋውን አልሰማችም፤ ሳቁን ነው የሰማችው። ወደ እኔ ዞራ «እሷን ጠይቂልኝ» አለችኝ።

ጠየቅኳት። ቢቢያኔ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ እምቢ አለች፣ ቀጥላ ማታ ለማናሴ ነገረችው። ማናሴም አፉን ሞልቶ ሳቀ።

«አንቺ? ከቤት እስከ ሱቅ ስትሄጂ የሰው ደጃፍ ሁሉ ላይ የምታርፊው?»

«የማርፈው ለወሬ ነው።»

«እንግዲያው በዚያ አገር ወሬ የሚነግርሽ የለም። ድንጋይና ጠጉራም በሬ ብቻ ነው።»

«አንተን ለምጄ የለም እንዴ፤ ከድንጋይ ጋር ማውራት ይከብደኛል?» አለችና ሻንጣዋን አወረደች። ለመሄድ የወሰነችው እኮ ያኔ ነው፤ ማናሴ ባይስቅ ኖሮ ትቀር ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከባሕሩ ዳር አልራቀችም። ራንቫ ተጓዦቹን እንደ ጉልበታቸው ትከፍላቸዋለች፤ ብርቱዎቹ ተራራ ይወጣሉ፣ ቀሪዎቹ ቀስ ብለው ይሄዳሉ። ቢቢያኔ ከቀርፋፎቹ ጋር ወርዳ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታወጋለች፤ እኔ እተረጉማለሁ። ውሻ እንዴት እንደሚቀጣ፣ አቆስጣ የሚባለው የባሕር አውሬ ለመተንፈስ በበረዶው ቀዳዳ አፍንጫውን ብቅ ሲያደርግ እንዴት ትንፋሽን ውጦ እንደሚጠበቅ። በሁለተኛው ቀን ብርቱዎቹ ሳይቀሩ ተራራውን ትተው ወደ እሷ መምጣት ጀመሩ።

ከሁሉ ይልቅ የወደደቻት ኢሎና የምትባል የሃንጋሪ አሮጊት ነበረች። ኢሎና ዕድሜዋን ሙሉ ሕፃናትን ዋና ስታስተምር የኖረች፣ ረጅም፣ እንደ ምሰሶ ቀጥ ያለች ሴትዮ ናት፤ ሰውን ሁሉ ውኃ ዳር እንደቆመ ሕፃን ታዝዛለች። ሌላው ሴራፊን የሚባል የኡራጓይ ዳቦ ጋጋሪ ነበር፤ ስለ ጉልበቱ ሕመም ሲያማርር ውሎ ምግብ ሲቀርብ ቀድሞ የሚደርስ።

ከዚያ መርከቡ ወደ ውስጠኛው የባሕር ክንድ ገባ።

አክስቴ ከጎማው ጀልባ ስትወርድ ቆማ ቀረች። ጠርቻት አልሰማችኝም። ያ አገር ወጣትነቷን ሁሉ የተመላለሰችበት ነው፤ ግን ሁልጊዜ በጋሪ፣ ሁልጊዜ ነጭ ሆኖ። አሁን መስከረም ገብቶ ረጅም ዛፍ የማይበቅልበት ሜዳ፣ ታንድራው፣ በእሳት የተያያዘ ይመስል ነበር። ከቁርጭምጭሚት የማያልፈው የአኻያ ዛፍ ቢጫ ወርቅ ሆኗል፤ ቁጥቋጦው ደም ለብሷል፤ ድንጋዩ ላይ የተለጠፈው ሽበት መሰል ዕፅ ብርቱካን ነው። መሬቱ ሲረገጥ እንደ ፍራሽ ይሰምጥና ይመለሳል። ጎንበስ ብላ አንዱን ጥቁር ፍሬ ለቅማ አፏ ውስጥ አደረገችው፤ ቀጥላ ሌላ፣ ቀጥላ እፍኝ ሙሉ።

«ኢቫሉ፣» አለችኝ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ «እነዚህን ተራሮች በየስማቸው እጠራቸዋለሁ። ነጭ ልብስ ለብሰው ነው እንጂ እንዲህ ሆነው አላየኋቸውም። ይኼ ሁሉ ከጋሪዬ ሥር ነበር?»

ያን ቀን አልተቀመጠችም። ከቀርፋፎቹ ጋር ወደ መጀመሪያው ጉብታ፣ ከጉብታው ወደ ሐይቁ፣ ከሐይቁ ወደ ሌላ ጉብታ፣ «እስቲ ያንን ብቻ ልይ» እያለች ሄደች። ራንቫ ጠመንጃዋን በትከሻዋ አድርጋ ከፊት ሆና ነጭ ድብ እንዳይኖር ሸለቆውን ታስሳለች። ሴራፊን ጉልበቱን ረስቶ ፍሬ ይለቅማል። ምሳችንን በልተን ልንመለስ ስንል ነፋሱ ዞረ።

የራንቫ የእጅ ሬዲዮ ተናገረ። ነፋሱ የተሰባበረውን በረዶ ሁሉ ገፍቶ ወደ ወረድንበት ዳር አምጥቶታል፤ ጀልባ መግባት አይችልም። ከጉብታው ላይ ሆነን አየነው፤ ጠዋት መስተዋት የነበረው ባሕር ነጭ ድንጋይ የፈሰሰበት መስሏል። መርከቡ ከበረዶው ማዶ ቆሞ ትንሽ መጫወቻ አክሏል። ብርቱዎቹ ቀድመው በሌላ በኩል ተመልሰው ነበር። የቀረነው እኛ ቀርፋፎቹ ነን።

ራንቫ ካርታዋን መሬት ላይ ዘረጋች። መሬቱ እዚያ ጋ እንደ አንገት ይቀጥናል፤ ከአንገቱ ማዶ ያለው ባሕር ክፍት ነው። መርከቡ ዞሮ ይጠብቀናል። ወይ አንገቱን ተሻግረን እንሄዳለን፣ ወይ በረዶው እስኪለቅ እየበረደን እዚህ እንቀመጣለን። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ኢሎና ቀድማ ተነሣችና ቦርሳዋን አነገተች። ሌሎቹ ያን አይተው ተነሡ።

ቢቢያኔ ደግሞ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። ያን አንገት እሷና ማናሴ በጋሪ ስንቴ ተሻግረውታል። «መንገዱን እኔ አሳያችኋለሁ፤ ጠረጴዛ ነው፣ ውሾቹ እንቅልፋቸውን እየተኙ የሚያልፉት ነው» አለች። ስተረጉም ሁሉም ፊታቸው በራ። ራንቫም እሺ አለች።

ሄድን። አክስቴ ከፊት፣ ወደ ግራ ዘንበል እያለች፣ እኔ ትንፋሼ እስኪቆረጥ ትፈጥናለች። ሁለት ጥቁር ድንጋዮች አለፍን፤ እንዳለችው ሰፊው ሜዳ ተዘረጋ፤ ላዩ ሁሉ ጫፉ ጥጥ በመሰለ ነጭ ሣር ተሸፍኗል። ገባንበት። ጥቂት እንደሄድን እግራችን እስከ ቁርጭምጭሚት ሰመጠ። ቀጥሎ እስከ ባት። ሴራፊን አንድ ቦቲውን ማጡ ውስጥ ትቶ በካልሲው ቆመ፤ ሁለት ሰው ሆነን ጎትተን አወጣንለት። ረግረግ ነው፣ ዳር የለውም።

ራንቫ ወደ ቢቢያኔ ዞራ በትሕትና «ጠረጴዛው ይኼ ነው?» አለቻት።

አክስቴ ወገቧን ይዛ ግራ ቀኙን አየች። «በሚያዝያ ጠረጴዛ ነበር፤» አለች። «አሁን ሾርባ ሆኗል።»

ስተረጉመው ማጥ ውስጥ የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሴራፊን እየሳቀ ሊወድቅ ነበር። እሷ ግን ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ «ሰው ይዤ ገደል ልገባ ነበር እኮ። በበጋ የማውቀው ነገር የለም። ከእንግዲህ ካርታዋ ይምራን» አለችኝ። ለራንቫ ነገርኳት። ራንቫ ካርታዋን አይታ ከረግረጉ አውጥታ በተራራው ወገብ አዞረችን፤ ቢቢያኔም ከጎኗ ሆና የትኛው ተራራ የትኛው እንደሆነ እየነገረቻት ሁለቱ በጣት ብቻ ሲግባቡ አስተርጓሚነቴ ቀረ።

ጠጉራም በሬዎቹን ያገኘናቸው እዚያ ነው። ቋጥኙን ስንዞር፣ ከኛ ዝቅ ብሎ ባለው ጉድባ ውስጥ፣ ጠጉራቸው መሬቱን የሚጠርግ፣ ቀንዳቸው እንደ ሻርፕ ግንባራቸው ላይ የተጠመዘዘ፣ ጥጆቻቸውን ይዘው ይግጣሉ። ራንቫ እጇን አነሣች፤ ሁላችንም ቋጥኙ ጥግ ተለጠፍን። ሽታችን ደረሳቸው። በአንድ ጊዜ ተሰብስበው፣ ጥጆቹን ወደ ውስጥ ከተው፣ ቀንዳቸውን ወደኛ አዙረው ክብ ሠሩ። ኮርማው ወጣና መሬቱን በኮቴው ጫረ፤ የእስትንፋሱ ድምፅ ይሰማናል። የኢሎና እጅ እጄን ጨበጠ። ማን ማንን እንደሚጠብቅ እንጃ።

ከዚያ ምን እንደታያቸው አላውቅም፣ ክቡ ፈረሰና ሽቅብ ጋለቡ። መሬቱ ከእግራችን ሥር ነጎደ። በቋጥኙ ግራ በኩል፣ ድንጋይ ብወረውር በምመታቸው ርቀት፣ ጠጉራቸው እንደ ባሕር ማዕበል እየተርገበገበ አለፉ። ጥጆቹ በእናቶቻቸው ሆድ ሥር ይሮጣሉ። አክስቴ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

«ስንቱን በልቻለሁ፤» አለች ቀስ ብላ። «ሳላድናቸው ቆሜ ሳያቸው ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።»

እንዲህ በደስታ ሰክረን ስንሄድ ወንዙ ላይ ደረስን።

ከበረዶው ግግር የሚወርድ፣ እንደ ወተት የነጣ፣ የሚጮህ ወንዝ ነው። በሚያዝያ እሱም መንገድ ነበር። ራንቫ ላይና ታች ሄዳ የሚሰፋበትን ቦታ መረጠች፤ ሰፊ ከሆነ አይጠልቅም። ግን ከቦቲያችን አፍ በላይ ይደርሳል። ስለዚህ ትእዛዝ ሰጠች፤ ካልሲ ይውለቅ፣ ባዶ እግር ቦቲ ውስጥ ይግባ፣ ወንዙን ከተሻገርን በኋላ ውኃውን ደፍተን ደረቁን ካልሲ እናጠልቃለን። እርጥብ ካልሲ ይዞ ቀሪውን መንገድ የሚሄድ ሰው እግሩን ያጣል አለች።

ሁሉም እየቀለደ ተቀምጦ ካልሲውን ማውለቅ ጀመረ። አክስቴ ቆማ ነበር።

«እኔ እዚህ እቆያለሁ፤» አለችኝ። «እናንተ ሂዱ፣ በረዶው ሲለቅ በጀልባ ይምጡልኝ።»

ተናደድኩ። ድብ ባለበት አገር ብቻሽን፣ ምን ሆነሽ ነው፣ አልኳት። ቀጥላ፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ፣ የጥንቸሉ ቆዳ ከረጠበ እርምጃ መሄድ እንደማትችል ነገረችኝ። መውጣት አለበት፤ እሱን ለማውጣት ደግሞ እግሯ መታየት አለበት። ቢቢያኔን እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም፤ ያ ሁሉ ድምፅ የት ገባ አልኩ።

«አክስቴ፣ ከፊትሽ የተቀመጠውን የሴራፊንን እግር አይተሽዋል?» አልኳት በመጨረሻ። የሴራፊን እግር በእርግጥ የሚያስፈራ ነበር፤ ጥፍሩ እንደ አሞራ። ዞር ብላ አየችውና ሳቋ ሳታስበው አመለጣት።

ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ቦቲዋን፣ ካልሲዋን፣ ከውስጥ የነበረውን ነጭ ቆዳ አወጣች። የግራ እግሯ መርገጫ ጣት ሊጀምር በሚገባው ላይ ያልቃል፤ ጫፉ እንደ ተዘጋ ከረጢት የተሰፋ፣ የሚያብረቀርቅ ጠባሳ ነው። በዙሪያዋ ያለው ወሬ ቀስ እያለ ቆመ። አንገቷን አልደፋችም፤ ወንዙን ወንዙን ታያለች።

ኢሎና ባዶ እግሯን መጥታ ፊቷ ተንበረከከች። እግሯን እንደ ሐኪም አየችው፤ በመዳፏ ተረከዙን ያዘችው።

«ጎበዝ እግር ነው፤» አለች። «ተረከዙ ነው የሚሠራው። እንግዲያው ወንዙ ውስጥ ወደ ፊት አትደገፊ፣ ወደ ኋላ ተቀመጪበት። በእኔና በራንቫ መሃል ግቢ።»

ተረጎምኩላት። አክስቴ፣ «ሴትዮዋ እዚህም ዋና ታስተምራለች?» አለችኝ፤ ድምፅዋ ተመልሶ ነበር። ቆዳውን በደረቷ ሸሸገችና ተነሣች።

ክንድ ለክንድ ተያይዘን ረድፍ ሠርተን ገባን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ውኃው በጉልበታችን ላይ እየተንጫጫ ወደ ግራ ይገፋናል። መሃል ላይ ስንደርስ አንድ ድንጋይ ከአክስቴ ሥር ተንከባለለ። እስከ ወገቧ ሰመጠች፤ ረድፉ ሁሉ ተንገዳገደ፤ ሴራፊን ማርያምን ጠራ። ያኔ ቢቢያኔ ከሆዷ ጮኸች፤

«ኢሊ! ኢሊ! ኢሊ!»

ውሾችን ወደ ቀኝ የምናዞርበት ጥሪ ነው። ከኔ በቀር ቃሉን የሚያውቅ አልነበረም። ግን ያን ድምፅ ሰምቶ የማይታዘዝ ፍጥረት የለም፤ ረድፉ በሙሉ፣ የሃንጋሪዋ፣ የኡራጓዩ፣ የፋሮዋ፣ እንደ አንድ የውሻ ቡድን ወደ ቀኝ ታጠፈና ወደ ውኃው ግፊት ፊቱን ሰጠ። እሷንም ከውኃው መዘዟት። ከዚያ እስከ ዳር ድረስ ሁሉም ይጮህ ነበር፣ «ኢሊ፣ ኢሊ»፤ ራንቫ ሳትቀር።

ማዶ ወጥተን እግራችንን በሻርፕ እያሸን እንደ ሕፃናት ሳቅን። ራንቫ ከቦርሳዋ ደረቅ ሱሪ አውጥታ ለአክስቴ ሰጠቻት፤ አልገባ ሲላት ሦስት ሴቶች ከበው ጎትተው አለበሷት። ሴራፊን ከአንገቱ የሱፍ ሻርፑን ፈትቶ ያንን እግር ራሱ ጠቀለለላት። ከደረቷ ያወጣችው የጥንቸል ቆዳ ጠርዙ ብቻ ነበር የረጠበ።

የመጨረሻው ዳገት ላይ ከሁላችንም ቀድማ ወጣች። ከላይ ሆና እጇን ስታውለበልብ አየናት፤ ስንደርስ ነገሩ ገባን። ማዶው ባሕር ሰማያዊ ሆኖ ተዘርግቷል፤ ቤተ ክርስቲያን የሚያክሉ የበረዶ ተራራዎች በፀሐዩ ጽጌረዳ መስለው ይንሳፈፋሉ፤ ከታች በጥቁሩ አሸዋ ላይ የጎማ ጀልባዎቹ ተሰልፈው ይጠብቁናል። ቁልቁል የወረድነው በሩጫ ነው። ኢሎናም ሮጣለች፤ አይቻለሁ።

ወሬው በሬዲዮ ቀድሞን መንደር ገብቶ ነበር። መርከቡ ሲመልሳት ማናሴ ባሕሩ ዳር ቆሞ ጠበቃት። በእግሯ ተሻገረች ሲሉት አላመነም ነበር።

«በሬዎቹ ተሸክመውሽ ነው አሉ» አላት።

«አንተ አንድ ቀን እንኳ ያን አገር በባለ ቀለም ልብሱ አላሳየኸኝም፣» አለችው፣ «ሁልጊዜ በነጭ ቀሚሱ። ከእንግዲህ አንተን አልጠብቅም።»

ማናሴ ሻንጣዋን ተቀበላት። እቤት ስንገባ እናቴና ጎረቤቶቹ ምግብ ሠርተው ተሰብስበው ነበር። አክስቴ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ታሪኩን እያወራች፣ ረግረጉ ላይ ስትደርስ፣ ሳታቋርጥ ቦቲዋን አወለቀች፤ ካልሲዋንም። እግሯን ወደ እሳቱ ዘረጋች። እናቴ አየችው። ሣህን ይዛ ቆማ ነበር፤ ሣህኑን አስቀምጣ መጥታ ከእህቷ አጠገብ ተቀመጠች፤ እጇንም ጠባሳው ላይ አደረገች። ቢቢያኔ በታሪኳ ገና ወንዙን አልተሻገረችም ነበር፤ ወሬዋን ቀጠለች።

በሚቀጥለው ነሐሴ ማናሴን ጀልባውን አስነሥታ የመንደሩን ሴቶች ወደ ውስጠኛው የባሕር ክንድ ወሰደች። ስለ ረግረጉ አስጠነቀቀቻቸው፤ ሆኖም ከመካከላቸው ሁለቱ ገቡበት። ቀኑን ሙሉ ስንሄድ፣ ፍሬ ስንለቅም፣ ስንዘፍን ዋልን። በስተመጨረሻ ሐይቁ ዳር ሣሩ ላይ ተኛን፤ ፀሐይ ነበር፣ ትንኝም አልነበረም። ሁላችንም ጫማችንን አውልቀን እግራችንን ለፀሐይ ሰጠን፤ እናቴ ከሁላችን ቀድማ እንቅልፍ ወሰዳት።